ልባቸው ትክክል ይሁን

ማሽኑ አልዋሸም አልኩህ። ስንቴ ልንገርህ? «የማይረባ የቻይና ዕቃ ገዝቶ እናቱን ጉድ አረጋት» ትላለህ፤ ኪስህ ውስጥ ያለው ስልክ የት አገር ተሠርቶ ነው? «ክኒኗን ወንዝ ውስጥ ደፋባት» የምትይም አለሽ። አልደፋሁም። ክኒኑ ከነፌስታሉ ገጠር እናቴ ቤት የበርበሬው ቅል ጎን ተቀምጧል፣ ሄደሽ እዪው። ከሁሉም የሚያበግነኝ ግን ሦስተኛው ነው፤ «መንገድ ዝግ ሆኖ በምን ደረሰ? እሱ ያን ቀን ጎንደር ማራኪ ጋደም ብሎ ነበር፣ አሁን ነው እንባ የሚያበዛው» የሚለው። እሱን እኮ አንገቱን ይዤ ጤና ጣቢያው ድረስ ብወስደው ደስ ይለኛል።

እሺ። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ ከዚያ ማንን እንደምትሰድቡ እናንተው ምረጡ።

እኔ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ዝም ብሎ ነጂ አይደለም፤ ጎንደር ላይ ከማራኪ እስከ ፒያሳ ዓይኔን ጨፍኜ እሄዳለሁ፣ ጉድጓዱን በቂጤ ነው የማውቀው። የዩኒቨርሲቲ ልጆችን ስለማመላልስ ከኋላ ሲያወሩ የሰማሁት ብቻ ቢደመር ሁለት ዲግሪ ይወጣኛል። ትምህርት ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው። ትምህርቱ ስላልገባኝ አይደለም፣ እኔ ለአስተማሪው ስላልገባሁት ነው።

እናቴ ገጠር ነው ያለችው፣ ትክል ድንጋይ ከሚሏት ከተማ ወዲያ በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ዳገት ላይ። ያለ እኔ ልጅ የላትም፣ ያለ እሷ እኔም ሰው የለኝም። አንድ የገበያ ቀን ትክል ድንጋይ ሽንብራ ይዛ ወርዳ እዛው ገበያው መሀል ራሷ ዞረባት። ሰዎች ደግፈው ጤና ጣቢያ አስገቧት። ሲስተሯ ክንዷን ለካችና መቶ ሰባ በመቶ አምስት አለች። «ደም ብዛት ነው እናቴ፣ ክኒን ይጀምራሉ፣ በየቀኑ፣ እንዳያቋርጡ።»

እናቴ ማታውኑ ደወለችልኝ። «ደም በዛብሽ አሉኝ» አለች።

«ደም ብዛት ማለት ነው እማየ፣ በሽታ ነው።»

«እሱን ሰማሁ። ግን ስጋ የቀመስኩ በፋሲካ ነው። ደሙ ከየት መጥቶ ነው የበዛው? የሌላ ሰው ደም ተሳስቶ መጥቶብኝ እንዳይሆን።»

ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አልሳቅሁም። አባቴን የወሰደው ይኸው ነገር ነው፤ እርሻ ላይ ወደቀ፣ በሦስተኛው ቀን ቀበርነው። ሲስተሯ ቶሎ ቶሎ ይለኩ ብላለች። ለመለካት ሁለት ሰዓት ወርዳ ሁለት ሰዓት ትወጣ? በመውጣቱ ብቻ ግፊቷ ሰማይ ይነካል። ስለዚህ ማሽኑን እኔ እገዛለሁ አልኩ። በሰፈራችን ለእናቱ ግፊት መለኪያ የገዛ ማን አለ? ማንም።

ፒያሳ አንድ ፋርማሲ ገባሁ። ባለሙያዋ ልጅ እግር ናት፣ ትዕግሥት ያላት። ሁለት ዓይነት አወጣችልኝ። አንዱ ክንድ ላይ የሚጠመጠም፣ ቱቦ ያለው፣ ትልቅ። ሌላው የእጅ አንጓ ላይ እንደ ሰዓት የሚታሰር።

«ለማን ነው?» አለችኝ።

«ለእናቴ።»

«የክንዱን ብትወስድ ይሻላል። ክንዳቸው ወፍራም ነው ቀጭን? ጨርቁ ልክ መሆን አለበት።»

እኔ ግን ዓይኔ ሰዓት የሚመስለው ላይ ቀርቷል። እናቴ የምትለብሰው ቀሚስ እጅጌው ጠባብ ነው፤ እስከ ክንዷ ገልጣ ሰው ፊት ልትቀመጥ ነው? ሞታ ነው። ደግሞ እውነቱን ከተናገርን እኔ ራሴ አስሬው ባጃጅ ስነዳ ታየኝ። «ይኸኛውን» አልኩ።

«እሺ፣ ይኸም ይሆናል፣ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል» አለችና ማስረዳት ጀመረች። አምስት ደቂቃ ይረፉ፣ አያውሩ፣ እግራቸውን አያነባብሩ፣ ቡና ጠጥተው ወዲያው አይለኩ። እኔ ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ። መሀል ላይ ስልኬ ጮኸ፤ ኮንትራት የያዘኝ ደንበኛ ነው፣ የት ደረስክ ይላል። አንዱን ጆሮዬን ለሱ ሰጠሁ፣ አንዱን ለሷ። በቀረው ጆሮዬ የሰማሁት መጨረሻውን ነው።

«...ልባቸው ትክክል ይሁን። ዋናው እሱ ነው። ገባህ?»

«ገብቶኛል» አልኩ። እኔ እኮ ያልገባኝ ነገር የለም።

በማግሥቱ እሁድ ወደ እናቴ ወጣሁ። ባትሪ ድንጋዩን ሳይቀር ከጎንደር ይዤ ነው። መደቡ ላይ አስቀመጥኳትና ግራ እጇ ላይ አሰርኩላት። «ስሚ እማየ፣ ሕጉ ይኸ ነው። ማውራት የለም። እግርሽን አታነባብሪ። ከሁሉም በላይ ግን ልብሽን አስተካክይ ብላለች ባለሙያዋ። ዋናው እሱ ነው ብላለች።»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። «እንዲህ አለች?»

«አዎ።»

«ሸጋ ልጅ ናት። የተማረች እንዲህ ናት» አለችና ተነሣች። ምሰሶው ላይ የተሰቀለ የአባቷ መስቀል አለ። አባቷ ቄስ ነበሩ፤ እጀታው በእጃቸው ወዝ የጠቆረ የእንጨት መስቀል ነው። አወረደችው፣ ተሳለመችው፣ መሣሪያው በታሰረበት በግራ እጇ ይዛ ግንባሯ ላይ አስደገፈችው። ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። እኔ ቁልፉን ጫንኩ። መሣሪያው ግርር ብሎ ተነፋ፣ እጇን ጨመቀ፣ ለቀቀ። እሷም አቡነ ዘበሰማያትን እዛው ላይ ጨረሰች። እኩል ነው የጨረሱት፤ ተነጋግረው የመጡ ነው የሚመስለው።

መቶ ሠላሳ ሁለት በሰማንያ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነግርህም። ክኒን ከጀመረች አንድ ወር አልሞላትም። ከመቶ ሰባ መቶ ሠላሳ ሁለት። ሐኪም ሆንኩ በቃ። ጎረቤት ሁሉ መጣ። ከሁሉ ቀድመው የደረሱት ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ሽማግሌ ናቸው፣ አያ ነው የምንላቸው። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አርገው እጃቸውን ዘረጉልኝ። አሰርኩላቸው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጣል እንዳረጉ ለካሁ። መቶ ስድሳ አራት።

«ምነው፣ እኔን ምነው እንዲህ አረገኝ?» አሉ።

እናቴ ፈጠን ብላ፣ «አያ፣ አንቱ ልብዎን አላስተካከሉማ። ከወንድምዎ ጋር በድንበር ተኮራርፈው እየከረሙ መሣሪያው ምን ያርግዎ?»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። አያ ራሳቸው ሳቁ። በሳምንቱ ሄደው ከወንድማቸው ታረቁ፣ ይኸን የማያውቅ የለም። እኔ ከሁሉም አብዝቼ ሳቅሁ። መሣሪያው እዛው ፊቴ እየነገረኝ ነበር እኮ። አንዱ እጅ ጉልበት ላይ፣ አንዱ እጅ ግንባር ላይ። ሁለት ዲግሪ ነው ያለኝ ብያችሁ የለ።

በየእሁዱ እየወጣሁ ለካኋት። መቶ ሠላሳ፣ መቶ ሠላሳ አራት፣ መቶ ሃያ ስምንት። ሐምሌ እያለቀ ሄደ፣ ፍልሰታ ደረሰ። እናቴ ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምትጾም፣ ከዚያ በፊት ውሃም አትቀምስም። ክኒኑ ደግሞ በጠዋት ነው።

«ልጄ» አለችኝ፣ «ቁጥሩ ሸጋ ነው አላልከኝም?»

«ሸጋ ነው።»

«ደሙ ቀንሷል ማለት ነው?»

«ቀንሷል።»

«እንዲያ ከሆነ ይኸን በጠዋት መዋጡ ምን ያረግልኛል? ጾሙን ያስፈታኛል።»

እንግዲህ እዚህ ጋ ስሙኝ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ውሰጂው ማለት እችል ነበር። ሲስተሯን ጠይቂ ማለት እችል ነበር። ለፋርማሲዋ ልጅ መደወል እችል ነበር፣ ቁጥሯ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። እኔ ያልኩት አንድ ቃል ነው። «አቁሚው» አልኩ። እግሬን አነባብሬ፣ መደቡ ላይ ደገፍ ብዬ፣ እንደ ትልቅ ሐኪም። ማንም አላስገደደኝም። ወንዝ ውስጥ የተደፋ ክኒን የለም፤ የተደፋው እሱ ቃል ነው።

ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። ለምን ተዘጋ ብሎ የኛን አገር የሚያውቅ ሰው አይጠይቀኝም። መኪና የለም፣ ባጃጅ የለም፣ ኔትወርኩ ራሱ ሲያሻው ነው የሚመጣ። መሣሪያውን እሷው ጋ ትቼው ነበር። ቁልፉን መጫን ታውቃለች፣ ቁጥር ግን አታነብም። ስለዚህ በስልክ ቋንቋ ፈጠርን። አንድ ዱላ ነው። ሦስት መንሽ ነው። አራት የተገለበጠ በርጩማ። ሰባት ማጭድ። ባዶ አንድ ዳቦ፣ ስምንት ሁለት ዳቦ ተደራርቦ።

«በል ስማ» ትለኛለች፣ «ዱላ፣ መንሽ፣ ሁለት ዳቦ።»

መቶ ሠላሳ ስምንት። «ሸጋ ነው እማየ። ዛሬስ ጠግበሻል፣ ሁለት ዳቦ ነው ያለሽ።» ትስቃለች። ሳቋን ለመስማት ስል ኔትወርክ ፍለጋ የማራኪን ኮረብታ እወጣ ነበር።

በሳምንቱ፦ «ዱላ፣ የተገለበጠ በርጩማ፣ ማጭድ።»

መቶ አርባ ሰባት። ትንሽ ከፍ ብሏል። «ዳገት ወጥተሽ ነበር?»

«ለቅሶ ደርሼ መጣሁ።»

«እሱ ነው በቃ። ራስሽንስ ያምሻል?»

«ከኋላ በኩል ትንሽ ይወቅረኛል። ልቤንም እያስተካከልኩ ነው የምለካ፣ አይዞህ።»

አይዞህ የምትለኝ እሷ ናት። እኔ ያን ሳምንት እህል አልወርድልኝ ብሏል። ባጃጄ ቆማለች፣ መንገዱ ዝግ ነው፣ እናቴን ራሷን ይወቅራታል፣ በእጄ ያለው ስልክና ሁለት ዳቦ ብቻ ነው። ለራሴ ግን ማሽኑ ደህና ነው ብሏል እያልኩ አጽናናለሁ። ማሽኑን እንደ ታቦት ነበር ያመንኩት።

ፍልሰታ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ገና በማለዳ፣ በእናቴ ስልክ አያ ደወሉ። 

«ልጄ፣ እናትህ ኩባያ ከእጇ ወደቀ።»

«ምን ሆና?»

«አፏ ወደ ጎን ሄዷል። ግራ እጇን ታዘዝ ብትለው እንቢ አለ። ቃሬዛ ላይ አርገናት እየወረድን ነው።»

«መሣሪያውን ያዙት። መሣሪያውን ይዛችሁ ውረዱ» አልኩ። እናቴ አፏ ተጣሞ፣ እኔ የማወራው ስለ መሣሪያ።

በእግሬ ወጣሁ። ባጃጅ ነጂው በእግሩ፣ አዎ፣ ሳቁ። ከማራኪ ተነሥቼ ከተማውን አቋርጬ፣ ወለቃ ላይ የሸክላ ሻጮቹ ባዶ መደርደሪያ ጋ ስደርስ ዝናቡ ያዘኝ። ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ፣ አንዱ ብቻ። ሌላውን አውልቄ ወረወርኩት፣ አንድ ጫማ ምን ያረግልኛል? እየሮጥኩ እየቆምኩ፣ እየተሳልኩ፣ ከእግዚአብሔር ጋር እየተከራከርኩ። ማሽኑ ሸጋ ነው ብሏል፣ ማሽኑ ሸጋ ነው ብሏል። ትክል ድንጋይ ስገባ ከዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። መንገድ ላይ ያየኝ ሰው ሁሉ እብድ መስዬው ነው የሸሸኝ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ እናቴ አልጋ ላይ ናት። ተሸክመዋት የወረዱት ስድስት የሰፈር ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፣ አያ ራስጌዋ ላይ ቆመዋል። ሲስተሯ ያቺው የመጀመሪያዋ ናት። ቀኝ ክንዷን በነሱ መሣሪያ ለክታ መቶ ዘጠና በመቶ አሥር ብላ ጽፋለች።

«ሊሆን አይችልም» አልኩ። ጭቃ በጭቃ ሆኜ፣ ባዶ እግሬን፣ መካሪ ሆኜ ገባሁ። «የኛ መሣሪያ ሰሞኑን መቶ አርባ ሰባት ነው ያለው። የናንተው ነው የተበላሸው።»

ሲስተሯ አልተቆጣችም። «ክኒኑን እየወሰዱ ነው?»

 አያ መሬት መሬት አዩ። «ቁጥሩ ጥሩ ስለነበረ...» አልኩ።

«በል መሣሪያህን አምጣው።»

እንደ ልማዴ ግራ እጇ ላይ አሰርኩት። እናቴ በቀኝ እጇ መቀነቷን ፈታችና መስቀሉን አወጣች። በዚያ ሁሉ መሀል ይዛው ወርዳለች። ወደ ግራ እጇ አስጠጋችው፤ ጣቶቿ አልያዙም። እንደገና ሞከረች። መስቀሉ አንሶላው ላይ ወደቀ። እጇ እንደተዘረጋ ጎኗ ላይ ቀረ። ቁልፉን ጫንኩ።

መቶ ዘጠና ሁለት።

 ሲስተሯ ሁለቱን ቁጥሮች አየች፣ የሷንና የኔን። «መሣሪያህ ልክ ነው» አለችኝ። «ሲለኩ እንዴት ነበር የሚይዙት?»

እኔ መልስ ሳልሰጥ እናቴ በደህናው እጇ ግንባሯን አሳየች። አንደበቷ ተሳስሮ፣ «መስቀሉን... እዚህ» አለች።

ሲስተሯ መሣሪያውን ከእጇ ፈታችና እኔ እጅ ላይ አሰረችው። «ቁጭ በል። እጅህን እንደሳቸው ግንባርህ ላይ አርግ።» አረግሁ። መቶ አምስት አለ። «አሁን ደረትህ ላይ፣ በልብህ ቁመት።» መቶ ሃያ ስምንት አለ። ያው እኔ ነኝ፣ ያው ወንበር ነው። «እጅ ከልብ ከፍ ሲል ቁጥሩ ይወርዳል» አለች ቀስ ብላ። «ሲሸጡልህ እጃቸው ከልባቸው ትክክል ይሁን አላሉህም?»

የፋርማሲዋ ልጅ ድምፅ ያኔ ነው ሙሉው የመጣልኝ። እጃቸው ከልባቸው ትክክል ይሁን። እጃቸው። እኔ እጁን ለደንበኛ ሰጥቼ ልቡን ብቻ ይዤ ነው የወጣሁት።

አልደበቅሁም። ደብቋል የሚለኝን ሰው ሁሉ የምከራከረው እዚህ ላይ ነው። አልጋዋ ሥር ተንበረከክሁና ሁሉም እየሰሙ ነገርኳት። «እማየ፣ ልብሽን አይደለም ያለችኝ። እጅሽን ነው። እጅሽን ከልብሽ እኩል አርጊው ነው ያለችኝ፣ እኔ ነኝ የሳትኩት። ክኒኑንም አቁሚው ያልኩሽ እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አይደለም።»

ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። በደህናው እጇ ጭቃ የሞላው ፀጉሬን ነካ ነካ አረገችኝ። በተጣመመው አፏ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገች፣ «ልቤ ግን... ትክክል ነበር» አለች።

አያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ወደ ጎንደር የሚወስዳት መኪና የተገኘው በስድስተኛው ቀን ነው። ቀድማ ብትደርስ ኖሮ እጇ ይመለስ ነበር ወይ ብዬ ስጠይቅ ሐኪሙ ትከሻዬን መታ አርጎኝ አለፈ። አሁን ማራኪ እኔው ጋ፣ ኪራይ ቤቴ ናት። ክኒኗን እኔው ነኝ የምሰጣት፣ በየቀኑ፣ ጾም ይሁን ፍስክ፤ ንስሐ አባቷም ፈቅደዋል። ጠዋትና ማታ እለካታለሁ። መስቀሉ ግድግዳው ላይ ነው፤ እሷ በዓይኗ ብቻ ትሳለመዋለች። ግራ እጇን ትራስ ላይ፣ ከልቧ እኩል አርጌ አስቀምጠዋለሁ፤ ካስቀመጥኩት ንቅንቅ አይልም። ቁጥሩ አሁን ሁልጊዜ ልክ ነው። አንዳንዴ መቶ ስድሳ፣ አንዳንዴ ከዚያ በላይ፣ ደግሞ ራሷን መውቀር ይጀምራታል፣ እኔም እዛው ሆኜ እጠብቃለሁ፣ ሌላ የምሠራው የለኝም። ያ እጅ አንድ ቀን ወደ ግንባሯ ተነሥቶ መሣሪያው ቢዋሸኝ፣ አንዴ ብቻ ቢዋሸኝ፣ ባጃጄን እሰጣለሁ።

ስለዚህ ማሽኑን ተውት። የሚሰደብ ከፈለጋችሁ እኔ አለሁ። ግን አልነበረም አትበሉኝ፣ ደብቋል አትበሉኝ። ትክል ድንጋይ ሂድ። ሲስተሯን ጠይቃት። ቃሬዛውን የተሸከሙት ስድስቱም በሕይወት አሉ፣ አንድ በአንድ ጠይቃቸው። አያን ጠይቅ፤ ከወንድማቸው ጋር በረንዳ ላይ ታገኛቸዋለህ። ባዶ እግሩን መጥቶ ነበር ወይ በል። ምን አለ በል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ በማን አፍ ተነገረ በል። ሂድና ጠይቅ፣ የነበረውን ማንንም ሰው ጠይቅ።